የሚሸነፉት አማልክት፦ ሄቪ ሜታል ኦዲንና ቶር ዘንድ ምን አገኘ?

ጥያቄው፦ «ሜታል ማዳመጥ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ግማሹ ባንድ ስለ ኦዲን፣ ስለ ቶርና ስለ ቫይኪንግ ይዘፍናል። ለምን? የሚሉት እውነተኛ ታሪክ ነው ወይስ ፈጠራ? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ይሄ የዘረኞችና የቤተ ክርስቲያን አቃጣዮች ሙዚቃ ነው› አለኝ። እውነቱን ነው? ደግሞስ ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ አራት ጥያቄ ነው የጠየቅከኝ። አንዱ ካንዱ ስለተያያዘ ትንሽ ታገሠኝ። ሥራዬ የድሮ ሰሜን አውሮፓ ጽሑፎችን ማንበብና ማስተማር ነው። ሜታል ደግሞ ከሥራዬም በፊት የማውቀው ሙዚቃ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ። ባንዶቹ ሦስት ነገር ቀላቅለው ነው የሚዘፍኑት። አንደኛው ታሪክ ነው፤ ከ8ኛው እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ከስካንዲኔቪያ በመርከብ ወጥተው የዘረፉ፣ የነገዱና የሰፈሩ ሰዎች ታሪክ። ሁለተኛው የአማልክቱ አፈ ታሪክ ነው፤ የአማልክቱ አለቃ ኦዲን፣ የነጎድጓድ አምላኩ ቶርና የሌሎቹ። ሦስተኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎችና የኦፔራ ሰዎች የሳሉልን ቫይኪንግ ነው። ይሄ ሦስተኛው ብዙ ሰው ሳያውቀው ከሁለቱ በላይ ጭንቅላቱ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ሜታል ግን ወደዚህ ተረት ደጋግሞ የሚመለስበት ዋናው ምክንያት ሰይፉና መርከቡ አይመስለኝም። የሰሜኖቹ አማልክት እንደሚሸነፉ ያውቃሉ። እያወቁም ወደ ጦርነቱ ይሄዳሉ። ጊታርና ድራም ይዞ ለሚጮህ ሰው ከዚህ የተሻለ ታሪክ አታገኝለትም።

መጀመሪያ ተረቱ ከየት እንደመጣ እንይ። ይሄን ካላወቅክ ሌላው ሁሉ ይምታታብሃል። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቫይኪንጎቹ ራሳቸው መጽሐፍ አልጻፉም። ሩን በሚባለው ፊደላቸው ድንጋይ፣ እንጨትና አጥንት ላይ አጫጭር ነገር ይቀርፁ ነበር፤ የሟች መታሰቢያ፣ የባለቤቱ ስም፣ አንዳንዴም እርግማን። ስለ ኦዲንና ስለ ቶር ከምናውቀው አብዛኛው የተጻፈው አይስላንድ ውስጥ ነው። የጻፉት ደግሞ ክርስቲያኖች ናቸው። አይስላንድ ክርስትናን የተቀበለችው በ1000 ገደማ ነው። ስኖሪ ስቱርሉሶን ኤዳ የሚባለውን መጽሐፍ ያዘጋጀው ደግሞ በ1220 አካባቢ ነው። በመሃል ከ200 ዓመት በላይ አለ።

ስኖሪ ሀብታም፣ ፖለቲከኛና ገጣሚ ነበር። የአይስላንድ ሸንጎ የሕግ አፈ ጉባኤ ሆኖ ሁለት ጊዜ አገልግሏል። ከኖርዌይ ንጉሥ ጋር መቃቃሩ በመጨረሻ ሕይወቱን አሳጣው፤ በ1241 ሬይክሆልት በሚገኘው ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ገደሉት። መጽሐፉን የጻፈው ጣዖት ለማስመለክ አይደለም። ያሳሰበው የግጥሙ ነገር ነው። የድሮዎቹ ገጣሚዎች ነገሩን በስሙ አይጠሩትም ነበር። ወርቅን «የፍሬያ እንባ» ይሉታል፤ ፍሬያ ከአማልክቱ አንዷ ናት፤ ወይም «የሲፍ ፀጉር»። ተንኮለኛው ሎኪ የቶርን ሚስት የሲፍን ፀጉር ተኝታ ሳለች እንደላጫት፣ በምትኩም ድንኮቹ ከወርቅ ፀጉር እንደሠሩላት የማያውቅ ወጣት ግጥሙን ሊረዳው አይችልም። አዲሱ ትውልድ ደግሞ እየረሳው ነበር። ስለዚህ ስኖሪ ተረቶቹን በሙሉ ቁጭ ብሎ ተረከ። መጨረሻው ላይም ከ100 በላይ የግጥም ስንኞችን በተለያየ ስልት ራሱ ገጥሞ እንደ ማሳያ አስቀመጠ። ልብ በል፣ ይሄ ሁሉ ተረት የተረፈው ለገጣሚዎች መማሪያ ተብሎ ነው። ከ750 ዓመት በኋላ ዘፋኞች ቢያነሡት ምን ይገርማል?

ሌላው ምንጭ ስኖሪ ራሱ የተጠቀመባቸው የቆዩ ግጥሞች ናቸው። አብዛኞቹ የሚገኙት አንድ ትንሽ የብራና መጽሐፍ ውስጥ ነው። በ1270ዎቹ አካባቢ ተጻፈ። በ1643 አንድ የአይስላንድ ጳጳስ እጅ ገባ። በ1662 ለዴንማርክ ንጉሥ ተላከ። ወደ አይስላንድ የተመለሰው በ1971 ነው። በዴንማርክ ባሕር ኃይል መርከብ ሲመጣ ሕዝቡ ሬይኪያቪክ ወደብ ላይ ወጥቶ ተቀበለው። የተወሰደ ብራና ወደ አገሩ ሲመለስ ምን ስሜት እንደሚፈጥር ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ መጀመሪያ የምታገኘው ቮሉስፓ የሚባለው ግጥም ነው። አንዲት ትንቢተኛ የዓለምን አፈጣጠርና አወዳደቅ ለኦዲን ትነግረዋለች። አንተ የምትሰማው የሜታል ግጥም ሲሶው ከዚህ አንድ ግጥም የመጣ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ተረቱ እንግባ፤ ጣፋጩ እዚህ ነው።

ተኩላው ፌንሪር እያደገ ሲሄድ አማልክቱ ፈሩት። በሰንሰለት አሰሩት፣ በጠሰው። የባሰ ጠንካራ ሰንሰለት አመጡ፣ እሱንም በጠሰው። በመጨረሻ ድንኮቹ የሐር ጥብጣብ የሚመስል ማሰሪያ ከስድስት ነገር ሠሩ፤ ከድመት እርምጃ ድምፅ፣ ከሴት ጢም፣ ከተራራ ሥር፣ ከድብ ጅማት፣ ከዓሣ ትንፋሽና ከወፍ ምራቅ። ተኩላው ጠረጠረ። አንዳችሁ እጃችሁን ለመያዣ አፌ ውስጥ ካላስገባችሁ አልታሰርም አለ። ማንም አልደፈረም፤ ቲር የሚባለው አምላክ ብቻ ቀኝ እጁን ሰጠ። ማሰሪያው አልበጠስ ሲል አማልክቱ ሁሉ ሳቁ። ቲር ግን አልሳቀም፤ እጁን አጣ። ስኖሪ ይሄን በሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር ነው የሚተርከው። እኔ እስካሁን ሳነበው ይከብደኛል፤ ምክንያቱም አማልክቱ እዚህ ላይ ቃላቸውን አጥፈዋል። ያንን ተኩላ ጠላት ያደረጉት ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ራግናሮክ፣ ማለትም የዓለም መጨረሻ ጦርነት፣ ይመጣል። በመካከሉ በጋ የሌለው ሦስት ክረምት በላይ በላዩ ይከታተላል። ወንድም ወንድሙን ይገድላል። ናግልፋር የምትባል መርከብ ከእስር ትፈታለች፤ የተሠራችው ከሙታን ጥፍር ነው። ስለዚህ ስኖሪ ሰው ጥፍሩ ሳይቆረጥ አይቀበር ይላል፤ መርከቧ ቶሎ ተሠርታ እንዳታልቅ። ፌንሪር ኦዲንን ይውጠዋል። ቶር ዓለምን የከበበውን እባብ ዮርሙንጋንድርን ይገድለዋል። ግን በመርዙ ተመትቶ ዘጠኝ እርምጃ ብቻ ተራምዶ ይወድቃል። የኦዲን ልጅ ቪዳር የተኩላውን የታችኛ መንጋጋ በጫማው ረግጦ አፉን ይቀደዋል። ያ ወፍራም ጫማ የተሠራው ሰዎች ጫማ ሲሰፉ ከጣትና ከተረከዝ በኩል ቆርጠው ከሚጥሉት ቁራጭ ቆዳ ነው። አማልክቱን መርዳት የሚፈልግ ሰው ያንን ቁራጭ ይጣል ይላል መጽሐፉ። እንግዲህ አስበው፤ አንድ ተራ ጫማ ሰፊ በዓለም መጨረሻ ጦርነት ውስጥ ድርሻ አለው።

ኦዲን ይሄን ሁሉ አስቀድሞ ያውቃል። ለማወቅ ሲል አንድ ዓይኑን ሚሚር ምንጭ ውስጥ ሰጥቷል። ዘጠኝ ሌሊት ነፋስ በሚያወዛውዘው ዛፍ ላይ በጦር ተወግቶ፣ ራሱን ለራሱ መሥዋዕት አድርጎ ተሰቅሏል። ያገኘው እውቀት ግን ሽንፈቱን አላስቀረለትም። ጦረኞችን ከጦር ሜዳ እየሰበሰበ ቫልሃላ የሚያስገባውም ለድግስ ብቻ አይደለም። ለዚያ ቀን ነው የሚያዘጋጃቸው። በየቀኑ ይዋጋሉ፣ ማታ ይነሡና ሥጋ ይበላሉ፣ ሄይድሩን የምትባለው ፍየል የምትሰጠውን ጠጅ ይጠጣሉ። ብዙ ባንድ ጠጁን ይዘፍንና ዝግጅቱ ለምን እንደሆነ ይረሳል። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ትልቁን ነገር ጥለው ትንሹን ማንሣት ነው። ደግሞ ከሞቱት ጦረኞች ግማሹን የምትወስደው ፍሬያ ናት፤ ሁሉም ቫልሃላ አይገባም። ቮሉስፓም በጥፋት አያበቃም። ምድር ከባሕር ውስጥ እንደገና ለምልማ ትወጣለች፤ ሞቶ የነበረው የኦዲን ልጅ ባልደር ይመለሳል። ይሄን ክፍል የሚዘፍን ባንድ ካገኘህ ግጥሙን እስከ መጨረሻ ያነበበ ሰው አለበት ማለት ነው።

ሙዚቃው ጋ እንምጣ። ሌድ ዘፐሊን በሰኔ 1970 ሬይኪያቪክ ሄደው ተጫወቱ። ከዚያ ጉዞ «ኢሚግራንት ሶንግ» ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሦስተኛው አልበማቸው ላይ አለ። ለሮክ ሙዚቃ ቫይኪንግን ያስተዋወቀ ዘፈን ነው። ከዚያ በኋላ አይረን ሜይደንም ማኖዋርም ነካ ነካ አድርገውታል። ብላክ ሳባት በ1990 አንድ አልበማቸውን «ቲር» ብለው ሰይመዋል። እነዚህን አልፋቸዋለሁ፤ ተረቱን ለጌጥ ነው የተጠቀሙበት።

ነገሩን ከሥሩ የቀየረው አንድ የስዊድን ባንድ ነው፤ ባቶሪ። ስቶክሆልም ውስጥ በ1983 ተመሠረተ። ባንድ ይባል እንጂ በዋናነት አንድ ሰው ነበር፤ ክዎርቶን የሚባል ወጣት። መጀመሪያ ሰይጣንን ይዘፍን ነበር። በኋላ ግን ሰይጣንም ያው ከክርስትና የመጣ ነገር ነው፣ የእኔ አገር የራሱ የቆየ ነገር አለው ብሎ ተመለሰ። በ1988 «ብለድ ፋየር ዴዝ» ወጣ፤ በ1990 «ሃመርሃርት»፤ በ1991 «ትዋይላይት ኦፍ ዘ ጎድስ»። ፍጥነቱ ቀነሰ። ዘፈኖቹ ረዘሙ። የባሕር ድምፅ፣ የፈረስ ኮቴ፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚመታ ጊታር፣ ከኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያዜም የሚመስል ድምፅ ገባበት። ክዎርቶን ጥሩ ድምፅ የለውም። ከፍ ሲል ይሰበራል፣ ቃናውን ይስታል። እኔ ግን ከብዙ የሠለጠነ ድምፃዊ ይልቅ እሱን አምነዋለሁ፤ የሚዘፍነው ነገር ለእሱ የምር እንደሆነ ትሰማለህ። «ሃመርሃርት» መጨረሻ ላይ ያለውን ረጅም ዘፈን ስማው። ክርስትና ወደ አንድ የባሕር ዳር መንደር ሲመጣ ያየ ሰው የሚናገር ነው የሚመስለው። በ2004 በ38 ዓመቱ ሞተ። በመድረክ ብዙም ሳይታይ ነው ለዚህ ሁሉ ባንድ መንገድ የጠረገው።

አሁን ደግሞ የአልበሞቹን ሽፋን ተመልከት። የ1988ቱ የኖርዌጂያዊው ሠዓሊ የአርቦ ሥዕል ነው፤ በ1872 የተሳለ፣ የአማልክትና የሙታን ጭፍራ በሰማይ ሲጋልብ የሚያሳይ። የ1990ው የእንግሊዛዊው የዲክሲ ሥዕል ነው፤ በ1893 የተሳለ፣ የሚቃጠል መርከብ ላይ የተደረገ የቫይኪንግ ቀብር። ያ ሦስተኛ ያልኩህ ነገር ይሄ ነው። ሜታል ቫይኪንግን ያየው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሠዓሊዎች መነጽር ነው። ቀንድ ያለው የራስ ቁርም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው። በ1876 የዋግነር ኦፔራ ባይሮይት ውስጥ ሲታይ ልብስ ያዘጋጀው ዶፕለር ለተዋናዮቹ ያደረገላቸው ነገር ነው ሕዝብ ጭንቅላት ውስጥ የቀረው። በ1943 ኖርዌይ ውስጥ ጄርሙንድቡ በሚባል እርሻ የተገኘው እውነተኛ የቫይኪንግ ዘመን የራስ ቁር የብረት ነው፤ ዓይን ላይ እንደ መነጽር ያለ መከለያ አለው። ቀንድ የለውም።

ከባቶሪ በኋላ በሩ ተከፈተ። በ1991 ኖርዌይ ውስጥ ሃውገሱንድ አካባቢ ኤንስሌቭድ ተመሠረተ። ጊታር ተጫዋቹ ኢቫር ቢዮርንሶን ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። የ1994 የመጀመሪያ አልበማቸው ግጥም በአብዛኛው በአይስላንድኛ ነው፤ ከድሮው ቋንቋ ያልራቀው እሱ ስለሆነ። አንድ የኖርዌይ ልጅ ይሄን ማድረጉ ቀላል ነገር አይደለም፤ አድማጩ እንደማይገባው እያወቀ ነው ያደረገው። በ1992 ደግሞ ከስቶክሆልም ደቡብ ከምትገኘው ቱምባ አሞን አማርት ወጡ። ስማቸውን የወሰዱት ከቶልኪን ልብ ወለድ ነው። ቶልኪን ራሱ የድንኮቹን ስም የቀዳው ከቮሉስፓ ስለሆነ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። በ2008 ያወጡት «ትዋይላይት ኦፍ ዘ ተንደር ጎድ» ቶርንና እባቡን ይዟል፤ ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል አታገኝም። ግጥማቸው ግልጽ ነው፣ ጊታሩ ይዘፍናል። የሚነቅፋቸው ብዙ ነው፤ ሁሌ አንድ ዓይነት ናቸው ይላል። በከፊል እስማማለሁ። ግን ስንቱን ወጣት ኤዳ እንዲያነብ አድርገዋል።

ፊንላንድን ግን ለይተህ እይ። እነ አሞርፊስ የሚዘፍኑት የፊንላንዶች የተረት ግጥም ከሆነው ከካሌቫላ ነው፤ ሌላ ሕዝብ፣ ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ተረት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። የቫይኪንግ ዘመን ዜማ በምልክት ተጽፎ አልቀረልንም፤ አንድም። የአጥንት ዋሽንት ተገኝቷል። ዮርክ ከተማ ውስጥ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የሆነ፣ ቀዳዳዎቹ ጎን ለጎን የተሰለፉ የእንጨት ዋሽንት ተቆፍሮ ወጥቷል። ምን እንደተጫወቱበት ግን አናውቅም። ስለዚህ «እውነተኛ የቫይኪንግ ሙዚቃ» የሚልህን አትመን። ዋርድሩና የሚባለው የኖርዌይ ቡድን እንኳ፣ የቀድሞ የሜታል ድራም መቺ የነበረው አይናር ሴልቪክ የሚመራው፣ በቀንድ፣ በክራርና በቆዳ ከበሮ የሚሠራው አዲስ ሙዚቃ ነው። በጣም ጥሩ አዲስ ሙዚቃ።

ዜማው ቢጠፋም የግጥሙ ስልት ግን አለ፤ ሙሉ በሙሉ። እኔ የባንዶችን ጥራት የምለካው በዚህ ነው። የድሮው ግጥም ቤት የሚመታው መጨረሻ ላይ አይደለም፤ መነሻ ላይ ነው። መስመሩ አጭር ነው። እያንዳንዱ ግማሽ መስመር ሁለት ቦታ ላይ ይመታል። ሁለቱን ግማሾች የሚያስተሳስራቸው ጠበቅ ተደርገው የሚነገሩት ቃላት በአንድ ዓይነት ድምፅ መጀመራቸው ነው። ጮክ ብለህ ስትለው በመዶሻ እንደሚመታ ብረት ነው የሚሰማው። ከድራም ምት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ለዚያው የተሠራ ነው ትላለህ።

አይስላንዶቹ ስካውልሞልድ ይሄን ገብቷቸዋል። በ2009 የተመሠረቱ ናቸው። በአይስላንድኛ ይዘፍናሉ፣ ግጥሙን በድሮው ስልት ሕጉን ጠብቀው ይገጥማሉ። እዚያ አገር ሰው ገጣሚን በዚህ ይፈትነዋል፤ መነሻ ድምፁ ከተዛባ ይታወቅብሃል። በ2013 ከአይስላንድ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ሬይኪያቪክ ውስጥ አብረው ተጫውተዋል፤ ኅብረ ዝማሬ ጭምር። በ2016 ያወጡት አልበም ዘጠኝ ዘፈን አለው፤ ለዘጠኙ ዓለማት አንድ አንድ።

ሌላው ቲር የሚባለው ባንድ ነው፤ ከፋሮ ደሴቶች፤ ስሙን የወሰደው እጁን ካጣው አምላክ ነው። ፋሮዎች እስከ ዛሬ ሰንሰለት ሠርተው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጨፍራሉ። የሙዚቃ መሣሪያ የለም። አንድ ሰው ስንኙን ያወጣል፣ ሌላው አዝማቹን ይቀበላል፣ እግር ወለሉን እየደበደበ ምቱን ይሰጣል። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ። ግጥሙ አንዳንዴ ከመቶ ስንኝ ያልፋል። የቲር ድምፃዊ ሄሪ ዮንሰን ይሄን እየሰማ ያደገ ነው፤ በ2002 የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ «ኦርሙሪን ላንጊ» የሚለውን ባላድ ወስደው ጊታር ጨመሩበት። ስለ ኖርዌይ ንጉሥ ኦላፍ ትሪግቫሶን መርከብና በ1000 አካባቢ ስለወደቀበት ጦርነት ነው። ግጥሙ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ጭፈራው ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። ዘፈኑ ከኦሪጅናሉ ብዙም አልራቀም። ምቱን አልነኩትም፤ እግሩን በድራም ተኩት እንጂ። ለእኔ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ከተሠራው ሁሉ ትክክለኛው ነገር ይሄ ነው።

«ታሪክ ነው ወይ?» ላልከው፣ ጦርነቶቹ በብዛት እውነት ናቸው። በ793 ሊንዲስፋርን የሚባለው የእንግሊዝ ገዳም ተዘርፏል። በ865 ትልቅ ጦር እንግሊዝ ገብቶ በ866 ዮርክን ይዟል። አሞን አማርት በ2022 ያወጡት አልበም ስሙን የወሰደው ከዚያ ጦር ነው። በ1066 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ የወደቀው የኖርዌይ ንጉሥ ሃራልድ ሃርድራዳ በወጣትነቱ ቁስጥንጥንያ ውስጥ የቢዛንታይን ንጉሥ ጠባቂ ነበር። እዚያው ሃጊያ ሶፊያ ውስጥ አንድ ሃልፍዳን የሚባል ሰው ስሙን በሩን ፊደል ቧጥጦ የጻፈበት እስከ ዛሬ አለ።

ዘፈኖቹ የሚተዉት ነገር ግን አለ፣ ይሄን በግልጽ ልናገር። አብዛኞቹ ሰዎች ገበሬ ነበሩ። ትልቁ ንግዳቸው ደግሞ ሰው ነበር፤ ደብሊን የባሪያ ገበያ ነበረች። በ922 ከባግዳድ የተላከው ኢብን ፋድላን ቮልጋ ወንዝ ዳር ሩስ ከሚባሉት የምሥራቅ ቫይኪንጎች የአንድ አለቃ ቀብር አይቶ ጽፏል። መርከብ ተቃጥሏል፤ ሜታል የሚወደው ትዕይንት። ግን አብራ የተቃጠለች ባሪያ ልጅ አለች፤ አስክረው፣ ተጫውተውባት፣ ገድለው ነው ያቃጠሏት። የሚቃጠል መርከብ የሚዘፍን መቶ ባንድ አለ። እሷን ያነሣ ግን አንድም አላጋጠመኝም። ይሄን ሙዚቃ ስለምወደው ነው የሚያንገበግበኝ።

የጓደኛህ ክስ መሠረት የሌለው አይደለም። ሰኔ 6 ቀን 1992 በርገን አጠገብ የነበረው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። 12ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሠራ ነበር። ሌሎችም ተከተሉ። ብላክ ሜታል ከሚባለው የሜታል ዘርፍ የኖርዌይ ሰዎች የታወቀው አንዱ በ1994 በግድያና አብያተ ክርስቲያናትን በማቃጠል 21 ዓመት ተፈረደበት። አንዳንዶቹ የአባቶቻችንን እምነት ያጠፋውን ክርስትና እየተበቀልን ነው ይሉ ነበር። ይሄ ወንጀል ብቻ ሳይሆን ድንቁርናም ነው። ተረቱን ጽፈው ያቆዩት ክርስቲያኖች መሆናቸውን ነግሬሃለሁ። የእንጨት አብያተ ክርስቲያናቱስ? ጣሪያቸው ላይ የዘንዶ ራስ አለ። የኡርነስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አውሬና እባብ ተጠላልፎ ተቀርጿል። አሁን ኦስሎ ሙዚየም የሚገኘው የሂለስታድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተረቱ ጀግና ሲጉርድ ዘንዶውን ፋፍኒርን ሲገድል በ1200 አካባቢ ተቀርጿል። የድሮውን ቅርፃ ቅርፅ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ እነዚህ ቤተ ክርስቲያናት ነው። ያቃጠሉት የራሳቸውን ቅርስ ነው።

ዘረኝነቱም አለ። ናዚዎች ሩን ፊደል ወስደው ኤስኤስ የሚባለው የጦር ድርጅታቸው ምልክት ላይ አድርገውታል። ዛሬም ከዚያ መንገድ ያልወጡ ባንዶች አሉ፣ አልደብቅህም። ግን ኤዳ ውስጥ «ንጹሕ ዘር» የሚባል ነገር አታገኝም። ኦዲን ራሱ የግዙፎች ልጅ ነው፤ እናቱ ቤስትላ ከእነሱ ወገን ናት። ቶርም እናቱ ዮርድ ናት፣ እሷም ከዚያው ወገን ትቆጠራለች። የፋሮዎቹ ባንድ ቲር በ2011 አልበማቸው ላይ ምልክቶቻችንን ናዚ ስለሰረቃቸው እኛ ወንጀለኛ አንባልም የሚል ዘፈን አላቸው። ምክሬ ቀላል ነው። አዲስ ባንድ ስታገኝ ግጥሙን አንብብ፣ አባላቱ ምን እንደሚናገሩ እይ። ስለ አማልክት የሚያወራ ሰውና ስለ «ደም» የሚያወራ ሰው ሁለት ገጽ ሳታነብ ይለያሉ።

ከየት ልጀምር ላልከው፣ ከመስማትህ በፊት ቮሉስፓን አንብብ። ከስድሳ ስንኝ ትንሽ ነው የሚበልጠው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። በእንግሊዝኛ ብዙ ትርጉም በነፃ ታገኛለህ። ከዚያ የስኖሪን ኤዳ የመጀመሪያውን ክፍል፤ ጥያቄና መልስ ስለሆነ ይፈሳል። ያኔ የአሞን አማርትን የ2008 አልበም ክፈት፤ ቶር ስንት እርምጃ እንደሚራመድ እያወቅክ ስትሰማው ሌላ ነገር ነው። ቀጥለህ «ሃመርሃርት»ን ስማ። መጀመሪያ ቀረጻው ሻካራ ሊሆንብህ ይችላል፣ ሁለተኛ ጊዜ ስጠው። ኤንስሌቭድን ከመጨረሻዎቹ አልበሞች ጀምረህ ወደ ኋላ ሂድ፤ የ1994ቱ ለጀማሪ ጆሮ ይከብዳል። ከዚያ የቲርን «ኦርሙሪን ላንጊ»፤ አጠገቡም ፋሮዎች ያለ መሣሪያ ሲጨፍሩት የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልገህ አነጻጽር። ስካውልሞልድን ከሲምፎኒው ጋር ያደረጉትን ኮንሰርት ለመጨረሻ አቆየው። ግጥሙን ከፊትህ አድርግ። አይስላንድኛው ባይገባህም የመነሻ ድምፆቹ ሲደጋገሙ በዓይንህም ታያቸዋለህ። የማታውቀው ስም ካጋጠመህ እዚሁ ጻፍልኝ፤ የትኛው ግጥም ውስጥ እንዳለ እነግርሃለሁ።